ለዘመድ ብድር ዋስ ከመሆን በፊት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወንድም፣ እህት፣ የአክስት ልጅ፣ አንዳንዴም የገዛ አባት መጥቶ «ዋስ ሁነኝ» ሲል ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ሰውየው ነው። ስለሚፈረመው ውል የሚያስብ ጥቂት ነው። እዚህ የሰበሰብናቸው ጥያቄዎች ስለ ሁለቱም ናቸው። የዋስትና ሕግ ከአገር አገር ይለያያል፤ ስለዚህ ያነበባችሁትን በእጃችሁ ካለው ውል ጋር እያስተያያችሁ ተጠቀሙበት። መሠረቱ ግን የትም ቢሆን ያው ነው። ዋስ የሆነ ሰው ገንዘቡን ሳይቀበል እዳውን ተሸክሟል።

ዋስ መሆን በቀላል አማርኛ ምን ማለት ነው?

ተበዳሪው ካልከፈለ እኔ እከፍላለሁ ብሎ ለአበዳሪው ቃል መግባት ነው። ልብ በሉ፣ ቃሉን የገባችሁት ለዘመዳችሁ አይደለም። ለባንኩ ነው፣ ወይም ለብድርና ቁጠባ ማኅበሩ፣ ወይም ገንዘቡን ላበደረው ግለሰብ። ዘመዳችሁ «አይዞህ፣ አንተን አላስነካም» ቢል ያ በሁለታችሁ መካከል የቀረ ንግግር ነው። ባንኩ አልሰማውም፤ ቢሰማውም አይመለከተውም።

ባንክ ለምን ዋስ እንደሚጠይቅም አስቡት። አንዳንድ የብድር ዓይነቶች ላይ ማንም ቢመጣ ዋስ ይጠየቃል፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ገቢው በቂ የሆነ፣ የብድር ታሪኩ የጸዳ ሰው «ዋስ አምጣ» አይባልም። የተባለው ባንኩ የሰውየውን ሰነድ አገላብጦ ብቻውን ስላላመነው ነው። ሥራው ማበደር የሆነ ተቋም የፈራውን ነገር፣ ከሰነዶቹ አንዱንም ሳታዩ በአንድ ምሽት ጨዋታ ልትቀበሉት አይገባም።

«ፊርማ ብቻ ነው፣ ለደንቡ ነው» ተባልኩ። እውነት ነው?

አይደለም። ለደንብ ብቻ ተብሎ የሚፈረም ዋስትና የለም።

ይህ አባባል ሰውን ምን ያህል እንደሚጎዳ ከሚያሳዩ ጉዳዮች አንዱ ጀርመን ውስጥ የሆነው ነው። አንዲት የ21 ዓመት ወጣት ለአባቷ የንግድ ብድር እስከ 100,000 ማርክ ዋስ ሆነች። እሷ በወር የምታገኘው ከዓሣ ፋብሪካ 1,150 ማርክ ብቻ ነበር፤ ንብረትም አልነበራትም። ሲፈረም የባንኩ ሠራተኛ የነገራት ይህን በመሰለ ቃል ነበር፦ እዚህ ጋ ፈርሚ፣ ትልቅ ግዴታ ውስጥ እየገባሽ አይደለም፣ ለፋይሌ ስለሚያስፈልገኝ ነው። አባትየው መክፈል አቃተው። ባንኩ ወደ ልጅቷ መጣ። ጉዳዩ እስከ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1993 በሰጠው ውሳኔ፣ አንደኛው ወገን በጣም ደካማ ሆኖ የውሉም ሸክም ከመጠን በላይ ሲከብድ ዳኞች ዝም ብለው ማለፍ እንደሌለባቸው ተናገረ።

እሷን ሕግ ደረሰላት። ግን እዚያ እስክትደርስ ዓመታት አልፈዋል፣ በሥር ፍርድ ቤቶችም ተመላልሳለች። በዚህ ተስፋ የሚፈርም ሰው እንዲኖር አልፈልግም። አብዛኛው ዋስ ፍርድ ቤት ሲቀርብ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ «ይህ ፊርማ ያንተ ነው?» ከሆነ ሌላው ክርክር ብዙ ርቀት አይሄድም።

ባንኩ መጀመሪያ ተበዳሪውን አይጠይቅም እንዴ?

ሰው ሁሉ የሚያስበው እንደዚያ ነው። በድሮም ጊዜ ጥያቄው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ535 የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ አበዳሪው በመጀመሪያ ተበዳሪውን እንዲጠይቅ፣ ወደ ዋሱ የሚመጣው ከዚያ ያላገኘውን ለማስከፈል ብቻ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ይህ ጥበቃ እስከ ዛሬ በብዙ አገሮች ሕግ ውስጥ አለ። ችግሩ ዋሱ በፊርማው ሊተወው መቻሉ ነው። ባንኮች የሚያዘጋጁት ውል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያስተወዋል።

ውላችሁን አውጡና «በአንድነትና በነጠላ ኃላፊነት» ወይም «ባልተነጣጠለ ኃላፊነት» የሚል ሐረግ ፈልጉ። ካለ፣ ለአበዳሪው እናንተና ተበዳሪው እኩል ናችሁ ማለት ነው። ማንን አስቀድሞ እንደሚከስ ምርጫው የእሱ ነው። እናንተ ቋሚ ደመወዝ ካላችሁ፣ ቤት ካላችሁ፣ አድራሻችሁ ከታወቀ፣ ተበዳሪው ደግሞ ስልኩን ዘግቶ የውሃ ሽታ ከሆነ፣ አበዳሪው ማን ጋ እንደሚሄድ ለመገመት ጠቢብ መሆን አያስፈልግም።

አሜሪካ ውስጥ ይህን ሰው ሳያውቅ እንዳይፈርም ሲባል የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ያወጣው ደንብ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ይሠራል። አበዳሪው ዋሱን ከማስፈረሙ በፊት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ማስጠንቀቂያው ተበዳሪው ካልከፈለ እናንተ እንደምትከፍሉ፣ አበዳሪውም ተበዳሪውን አስቀድሞ ሳይጠይቅ ከእናንተ ሊያስከፍል እንደሚችል በግልጽ ይናገራል። የትም አገር ብትሆኑ ይህን ማስጠንቀቂያ ለራሳችሁ እንደተጻፈ ቁጠሩት።

ቢበዛ የምከፍለው ስንት ነው?

ይህን ሳያውቁ መፈረም የለም። ውሉ ጣሪያ ካስቀመጠ እስከዚያ ድረስ ትጠየቃላችሁ፤ ጣሪያው ወለድንና ወጪን ይጨምር አይጨምር ደግሞ ለብቻው ይታያል። ጣሪያ ከሌለው ዋናው ገንዘብ፣ ወለዱ፣ የመዘግየት ቅጣቱ፣ የማስታወቂያና የፍርድ ቤት ወጪው፣ የጠበቃው አበል ሁሉ ሊደመር ይችላል። አንዳንድ ሕጎች እዚህ ላይ ዋሱን ይጠብቁታል። ለምሳሌ በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ያልተገለጸበት የዋስትና ውል አይጸናም።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት ነገር «ሁለት ዓመት ከፍሏል፣ ብዙ አልቀረም» የሚለው ስሌት ነው። ቁጭ ብለን እናስላው። ብድሩ 500,000 ይሁን፣ ወለዱ በዓመት 15 በመቶ፣ ጊዜው 5 ዓመት፣ ክፍያው በየወሩ እኩል። ወርሃዊ ክፍያው 11,895 ገደማ ይመጣል። ዘመዳችሁ አንድም ወር ሳያጓድል 24 ወር ከፈለ፤ ይህ ወደ 285,500 ይጠጋል። ከግማሽ በላይ ተከፈለ ትላላችሁ። ነገር ግን በእነዚህ የመጀመሪያ ዓመታት ከክፍያው ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ወለዱ ነው የሚወስደው። በ25ኛው ወር ክፍያ ቢቆም ያልተከፈለው ዋና ገንዘብ ገና 343,000 አካባቢ ነው። ብዙ ውሎች ደግሞ ጥቂት ወራት ከተዘለሉ ቀሪው በሙሉ ባንድ ጊዜ እንዲከፈል የመጠየቅ መብት ለባንኩ ይሰጣሉ። ስለዚህ ወደ እናንተ የሚመጣው ደብዳቤ «የወሩን 11,895 ክፈል» ላይል ይችላል። «343,000 ከነወለዱ በዚህን ያህል ቀን ውስጥ» ሊል ይችላል።

የክፍያ ሰሌዳውን ባንኩ አትሞ ይሰጣል። ጠይቁ። በየወሩ ምን ያህል ቀሪ እንደሚኖር የሚያሳየውን ዓምድ ተመልከቱ። የእናንተ አደጋ ያ ነው።

እኔ ዋስ ብቻ ነኝ፣ ቤቴን አላስያዝኩም። ቤቴን መንካት ይችላሉ?

ሊሆን ይችላል። በመያዣና በዋስትና መካከል ልዩነት አለ። ቤታችሁን ለሌላ ሰው ብድር ብታስይዙና ከዚያ ያለፈ ዋስትና ባትፈርሙ፣ ብዙውን ጊዜ የምታጡት ያንኑ ቤት ነው፤ ከዚያ አያልፍም። በግል ዋስ ስትሆኑ ግን ያላችሁ ንብረት ሁሉ ነው የገባው። አበዳሪው ከሶ ካሸነፈ በኋላ ሕግ እንዳይነካ ከከለከለው በስተቀር ከደመወዝ ማስቆረጥ፣ የባንክ ሒሳብ ማሳገድ፣ ንብረት በሐራጅ ማሸጥ ይችላል። ሁለቱንም በአንድ ላይ የሚያስፈርሙም አሉ። መያዣ የሰጠ ሰው «ዋስም ነህ» የሚል ገጽ ከሥር ሊኖር እንደሚችል አስቦ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ያንብብ።

ሁለት ዋሶች ነን። ግማሽ ግማሽ አይደርሰንም?

በእናንተ በሁለታችሁ መካከል አዎ። በአበዳሪው ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ እያንዳንዳችሁ የሙሉው ዋስ ናችሁ። መጀመሪያ የተገኘው ይከፍላል፣ ከዚያ ድርሻውን ከሌላው ይጠይቃል። ሌላኛው ዋስ ምንም የሌለው ሰው ከሆነ መኖሩ ለእናንተ ጥበቃ አይሆንም።

ወንድሜ ታማኝ ነው፣ የሰው ገንዘብ በልቶ አያውቅም። ታዲያ ምን ያስፈራኛል?

ታማኝነቱን አልጠራጠርም። ብድር ግን የሚከፈለው በገቢ ነው። ብዙ ብድር የሚበላሸው ተበዳሪው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ይታመማል፣ ከሥራ ይቀነሳል፣ ትዳሩ ይፈርሳል፣ ንግዱ እንዳሰበው አይሄድም። ከእነዚህ አንዱ ሲደርስ ያ ታማኝ ሰው የሚያፍረው መጀመሪያ ከእናንተ ነው። ያፍርና አይነግራችሁም። አንድ ወር ይዘላል፣ በሚቀጥለው አሟላለሁ ይላል፣ ሌላ ቦታ ተበድሮ ያንን ይሸፍናል። ስልክ ስትደውሉ «ሁሉም ሰላም ነው» ይላል። እናንተ የምትሰሙት ከባንኩ ደብዳቤ ነው፣ ያኔ ውዝፉ ተከምሯል። እኔ ከገንዘቡ በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። በጊዜው ቢነገር በሦስት ወር ክፍያ የሚድን ነገር በዝምታው ምክንያት ለክስ ይደርሳል፣ ወንድማማቾችም ሆድና ጀርባ ይሆናሉ፤ አንዱ «አዋረድከኝ» ሌላው «ጨከንክብኝ» እያለ፣ እናት መሃል ገብታ።

ስለዚህ ጥያቄውን ቀይሩት። «ይከፍላል ወይ?» የሚለውን ትታችሁ «ባይችል እኔ እችላለሁ ወይ? ከከፈልኩ በኋላስ ሳልመርር ፊቱን ማየት እችላለሁ?» በሉ። ለሁለቱም አዎ ካላላችሁ አትፈርሙ።

ከመወሰናችሁ በፊት ሰነድ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ደመወዙን ወይም የንግዱን ገቢ፣ ሌላ ያለበትን እዳ፣ ብድሩ ለምን እንደሆነ፣ ሌላ ባንክ ጠይቆ ተከልክሎ እንደሆነ። ቅር ሊለው ይችላል። ይበለው። ፊርማችሁን ለመጠየቅ ያላፈረ ሰው ሰነዱን ለማሳየትም ማፈር የለበትም።

ለባለቤቴ ነው የምፈርመው። ይህም ያሳስባል?

ያሳስባል፣ እንዲያውም እዚህ ላይ ጫናው ይበዛል። ንግዱ በአንደኛው ስም ይሆናል፣ ሌላው ሒሳቡን አያውቀውም፤ ቤቱ ግን የሁለቱም ነው። «አታምነኝም ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ ከመጣ ደግሞ ማንም ሰው ውል ማንበቡን ይተዋል።

ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የነበረው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 በሰጠው ታዋቂ ውሳኔ፣ ሚስት ለባሏ የንግድ እዳ ዋስ ስትሆን ባንኩ ምን እንደምትፈርም ያስረዳት ሰው መኖሩን እንዲያረጋግጥ የሚያስገድድ አሠራር ዘርግቷል። ሐሳቡ ቀላል ነው። የሚያስረዳችሁ ሰው የባንኩ ወይም የባለቤታችሁ ሰው ብቻ መሆን የለበትም፤ ስታናግሩትም ብቻችሁን ብትሆኑ ይመረጣል። ከፈረማችሁ በኋላ ትዳሩ ቢፈርስ ዋስትናው አብሮ አይፈርስም። ፍቺውን የወሰነው ፍርድ ቤት «እዳውን ባል ይክፈል» ቢል እንኳ ባንኩ የዚያ ክርክር ተካፋይ ስላልነበረ ወደ ሚስት የመምጣት መብቱ ብዙ ጊዜ እንዳለ ይቆያል።

ለወላጅ የሚፈርሙ ልጆችም፣ ለልጅ የሚፈርሙ ወላጆችም ያው ናቸው። ጡረታ የደረሰ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ። ወጣት ቢከስር ሠርቶ ይተካል፤ በጡረታ ዕድሜ የጠፋ ገንዘብ የሚተካበት ጊዜ የለም።

እስካሁን በደንብ እየከፈለ ነው። እኔን የሚነካኝ ነገር አለ?

ሊኖር ይችላል። ራሳችሁ ለቤት ወይም ለመኪና ብድር ስትጠይቁ ባንኩ የእናንተን የመክፈል አቅም ሲያሰላ ዋስ የሆናችሁበትን እዳ ሊቆጥርባችሁ ይችላል። የብድር መረጃ በሚሰበሰብባቸው አገሮች ተበዳሪው ሲያዘገይ መጥፎው ምልክት በእናንተም ስም ሊገባ ይችላል። በቅርብ የራሳችሁን ብድር የምትፈልጉ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ተበዳሪው ቢሞት ወይም ቢከስር እኔ ነጻ እወጣለሁ?

በአብዛኛው አትወጡም። ዋስ የተፈለገው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። ተበዳሪው ሲሞት እዳው ከውርሱ ይጠየቃል፣ ዋሱም ይጠየቃል። የብድር የሕይወት መድን ተገብቶ ከሆነ መድን ሰጪው ቀሪውን ሊከፍል ስለሚችል ብድሩ መድን እንዳለው ቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው። ኪሳራም ቢሆን ያው ነው። ተበዳሪው በፍርድ ቤት ከእዳው ነጻ ቢባል እንኳ ያ ነጻነት የእሱ ብቻ ነው። ዋሱ ራሱ ቢሞት ደግሞ በብዙ ሕጎች ግዴታው ወደ ውርሱ ይተላለፋል፤ ልጆቻችሁ የማያውቁት ዋስትና አይኑርባችሁ።

ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ዋስትናዬን ማንሳት እችላለሁ?

ገንዘቡ ገና ካልተለቀቀ ዛሬውኑ ለአበዳሪው በጽሑፍ አሳውቁ። ነገ አትበሉ። ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ግን «ይቅርብኝ» ማለት ብቻውን አይሠራም፤ አበዳሪው መስማማት አለበት። የሚስማማው ሌላ ዋስ ወይም መያዣ ሲቀርብለት ነው፣ ወይም ብድሩ በሌላ ብድር ሲዘጋ።

ክፍት የሆነ ዋስትና ለይታችሁ እወቁ። አንዳንድ ውሎች የሚያስፈርሙት ለአንድ ብድር ብቻ ሳይሆን ተበዳሪው «አሁን ላለበትም ወደፊት ለሚኖርበትም እዳ ሁሉ» ነው። ይህን የፈረመ ሰው ከዓመታት በኋላ ሰምቶት ለማያውቀው ብድር ሊጠራ ይችላል። ደግነቱ በብዙ ሕጎች ከዛሬ ወዲያ ለሚወሰደው አዲስ ብድር ዋስ አልሆንም ብሎ በማስታወቂያ ማቆም ይቻላል። ያለፈው ይቀራል፤ ቢያንስ ወደፊት አይጨምርም።

እንዴት ነው እምቢ የምለው? ይሉኝታው ሊገድለኝ ነው።

ይሉኝታ ብዙ ሰው ያስፈርማል። በጣም ከሚጎዳው ነገር አንዱ «እስቲ ልየው» ብሎ ማንጠልጠል ነው። ዘመዳችሁ ተስፋ አድርጎ ሌላ መንገድ ሳይፈልግ ይቀራል፣ በመጨረሻው ቀን ስትከለክሉት ቂሙ እጥፍ ይሆናል። የማትፈርሙ ከሆነ ቶሎ፣ በአካል፣ በአጭሩ ንገሩት።

«ወንድሜ፣ ዋስ መሆን አልችልም። ባይሳካልህ ልከፍለው የማልችለው ገንዘብ ነው። እንዲህ ሆኖ ከአንተ ጋር ከምጣላ አሁን ብታዝንብኝ ይሻለኛል።» እዚህ ላይ ያበቃል። ሰበብ አትደርድሩ፤ ለእያንዳንዱ ሰበብ መልስ ይዞ ይመጣል። በባለቤታችሁ አታሳብቡ፣ ነገ ጠቡ ወደ እሷ ወይም ወደ እሱ ይዞራል።

እጅ ባዶ መሸኘት ካስጨነቃችሁ ሌላ መንገድ አለ። ብታጡት የማትጎዱበትን ገንዘብ እንደ ስጦታ ስጡት፤ የምታጡት መጠን ታውቆ ያበቃል። የሚበደረውን መጠን እንዲያሳንስ፣ የንግድ ዕቅዱን እንዲከልስ አግዙት። የራሱ ንብረት በመያዣነት ይበቃው እንደሆነ አብራችሁ ጠይቁ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ በየአቅሙ ማዋጣት ከቻለ አንድ ሰው ሙሉውን ከሚሸከም ይሻላል።

አስቤበት ለመፈረም ወስኛለሁ። ምን ልጠንቀቅ?

በመጀመሪያ ጊዜ ውሰዱ። ውሉን ከፊርማው ቀን በፊት ወደ ቤት ይዛችሁ ሂዱ። ቢሮ ውስጥ የሚሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፦ ሠራተኛው ገጾቹን እየገለበጠ በጣቱ ቦታውን ያሳያል፣ ዘመዳችሁ አጠገባችሁ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፣ ከኋላ ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ። በዚያ ሁኔታ ማንም አያነብም። ለዚህ ነው አስቀድሞ የሚወሰደው።

ስታነቡ ቁጥሩን ፈልጉ፤ ጣሪያው ስንት ነው፣ ወለድና ወጪን ይጨምራል ወይ? ዋስትናው ለዚህ ብድር ብቻ መሆኑን፣ የብድሩ ቁጥርና ቀን መጻፉን እዩ። የሚያበቃበትን ጊዜ ማስገባት ከተቻለ አስገቡ። ባንኩ ያለ እናንተ ስምምነት ብድሩን እንዳይጨምር ወይም እንዳያራዝም የሚል አንቀጽ ጠይቁ። በብዙ ሕጎች ውሉ ያለ ዋሱ ፈቃድ ሲቀየር ዋሱ ነጻ ሊወጣ ይችላል፤ የባንክ ውሎች ግን ይህንንም መብት ሊያስተዉ ስለሚችሉ ማየት ነው። ባዶ ቦታ ያለው ወረቀት ላይ በፍጹም አትፈርሙ። ሁሉም የባንክ ውል አይቀየርም፣ እውነት ነው። ግን የጠየቀ ሰው አንዳንዴ ያገኛል፣ ያልጠየቀ ምንም አያገኝም።

ከሁሉም በላይ አንድ ነገር ለምኑ፣ ካልሆነም ተከራከሩ፦ ተበዳሪው አንድ ክፍያ በዘለለ ቁጥር ባንኩ ለእናንተ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ። ባንኩ ባይስማማ ዘመዳችሁ የከፈለበትን ደረሰኝ በየወሩ በስልክ እንዲልክላችሁ ተነጋገሩ። ቀኑ አልፎ ደረሰኝ ካልመጣ የዚያኑ ሳምንት ጠይቁ። ይህች ትንሽ ልማድ ከብዙ ጣጣ ታድናለች።

ከዘመዳችሁም ጋር የጽሑፍ ስምምነት አድርጉ። እኔ ከከፈልኩ አንተ ይህን ያህል፣ በዚህ ጊዜ ትመልስልኛለህ የሚል። የሁሉንም ሰነድ ቅጂ ያዙ። ለትዳር አጋራችሁም ሳትናገሩ አትፈርሙ።

ከባንኩ ደብዳቤ መጣ። አሁን ምን ላድርግ?

ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት። ዝም ማለት ቅጣቱን ከመጨመር በቀር የሚያመጣው ነገር የለም፤ መልስ የሚሰጥበት ቀን ካለፈ ደግሞ መከራከሪያችሁን ልታጡ ትችላላችሁ።

ለባንኩ በጽሑፍ መልሱና ዝርዝር ሒሳብ ጠይቁ፤ ዋናው ስንት፣ ወለዱ ስንት፣ ቅጣቱ ስንት፣ ምን ተከፍሏል። ስህተት ሊኖር ይችላል። ከዋስትናው ጣሪያ በላይ እየተጠየቃችሁ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ ከበድ ያለ ከሆነ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ጠበቃ አማክሩ። ከዘመዳችሁ ጋር ቁጭ በሉና እውነቱን ይንገራችሁ፤ በዚህ ሰዓት ጩኸት አያዋጣም፣ የሚያስፈልጋችሁ ቁጥሩ ነው። ከዚያ ሁለታችሁም ባንክ ሂዱና የክፍያው ጊዜ እንዲራዘም ጠይቁ። ባንኮች ክስና ሐራጅ ወጪ ስለሆነባቸው አሳማኝ ዕቅድ ይዞ የመጣን ሰው ብዙ ጊዜ ያዳምጣሉ። ግን ማራዘሚያው ላይ ስትፈርሙ ዋስትናችሁ ከድሮው እንዳይሰፋ ተጠንቀቁ።

የምትከፍሉ ከሆነ በዘመዳችሁ እጅ አትስጡ። በቀጥታ ወደ ብድሩ ሒሳብ አስገቡ፣ ደረሰኙም በዋስነት የተከፈለ መሆኑን ይናገር።

ከከፈልኩ በኋላ ዘመዴን መጠየቅ እችላለሁ?

ትችላላችሁ። የከፈለ ዋስ የከፈለውን ከተበዳሪው የማስመለስ መብት አለው። በብዙ ሕጎች ደግሞ በአበዳሪው ቦታ ይተካል፤ ማለትም ተበዳሪው አስይዞት የነበረ መኪና ወይም ቤት ካለ በዚያ ላይ ባንኩ የነበረው መብት ወደ እናንተ ይመጣል። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ከፍለው ሲጨርሱ ደረሰኝ ብቻ ተቀብለው የሚወጡ አሉ፤ መያዣው ይለቀቅና ተበዳሪው ይሸጠዋል። ስለዚህ የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ባንኩን «ለዚህ ብድር ምን መያዣ አለ? ወደ እኔ የሚተላለፈው እንዴት ነው?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ሌላ ዋስ ካለም ድርሻውን ጠይቁት።

መብቱ የጊዜ ገደብ ስላለው «ዘመድ ነው፣ ሲያገኝ ይሰጠኛል» እያሉ ዓመታትን ማሳለፍ መብቱን ሊያሳጣ ይችላል። መክሰስ ባትፈልጉ እንኳ የእዳ ማመኛ ጽሑፍ አስፈርሙት፣ በትንሽ በትንሹም ቢሆን የሚከፍልበትን ቀን አስቀምጡ። ቀኑ ከእሱ ገቢ ጋር የሚሄድ ይሁን፤ ደመወዙ በወር መጨረሻ የሚገባ ከሆነ በማግስቱ አድርጉት።